ለምን አነሣኸው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ለመንገደኛ የተነገረ ይሁን እንጂ ለተማሪም ይሠራል። የፈተናው ቀን ከደረሰ በኋላ ደብተር የሚገልጥ፣ ለሥራ ተጠርቶ ሲሄድ በመንገድ ላይ «ምን ይሉኝ ይሆን?» እያለ ያገኘውን ሁሉ የሚጠይቅ ወጣት በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ግን ከነዚህ ለየት ያለ ፈተና ነው፤ ይኸውም በዩኒቨርሲቲ የፎቶግራፍ ትምህርት ለመማር ያመለከተ ሰው የሚቀርብበት የቃል ጥያቄ ነው።

«ፎቶግራፍ ደግሞ ዲግሪ የሚያሰጥ ትምህርት ሆነ ወይ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። በአገራችን ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን የኖረው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ነው። በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነታቸው ስማቸው የታወቀው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን እንኳ ሙያውን ያወረሱት ለልጆቻቸው ነበር። በውጭ አገር ግን ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት ከሆነ ቆይቷል። ለዚህ ትምህርት የሚያመለክት ሰው የፈተና ውጤቱን ብቻ ልኮ አይቀመጥም፤ ካነሣቸው ፎቶግራፎች መካከል መርጦ፣ በቅደም ተከተል አደራጅቶ ይልካል። ይህንንም ስብስብ ፖርትፎሊዮ ይሉታል። ከዚያ በኋላ መምህራኑ ፊት ለፊት ወይም በኢንተርኔት ጠርተው ስለ ሥራው ይጠይቁታል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ሰው በእጁ ሥራ እንደሚመዘን የሥዕል ወዳጆች ሁሉ የሚያውቁት ነው።

ይህን እንድንጽፍ ምክንያት የሆነን አንድ እንግዳ ነው። ባለፈው ዓመት ከግራና የመጣ ወጣት ከቤታችን ደርሶ ነበር። ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ሲሆን ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሁሉ በመካከሏ አልፏል፤ ፍራፍሬዋንም ሳይቀምስ የሚያልፍ ጥቂት ነው። የመስኖ ነገር የሚከታተል ሰው ደግሞ «የቆቦ ግራና ሸለቆ» ሲባል ስሙን ሳይሰማ አይቀርም።

እንግዳችን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ካሜራ አንግቶ የሚቆም ልጅ ነው። ለፎቶግራፍ ትምህርት ወደ ውጭ አገር አመልክቶ ኖሮ «ከሦስት ሳምንት በኋላ እንጠይቅሃለን» የሚል መልስ ደርሶታል። ሻይውን ገና ሳይጨርስ «ጋሼ፣ የሚጠየቀውንና የሚመለሰውን ቢነግሩኝ በቃሌ እይዘዋለሁ» አለን። እኛም የምንሰጠው የጥያቄና መልስ ወረቀት እንደሌለን ነግረን ፎቶግራፎቹን እንዲያሳየን ጠየቅነው።

ከስልኩ ያሳየን ከስድሳ በላይ ነው። የፀሐይ መጥለቂያ አለ፤ ጉም የለበሰ ተራራ አለ፤ አበባ ላይ ያረፈች ንብ አለች፤ ሙሽሮች አሉ፤ ሪባን የሚቆርጡ ሹማምንትም አልጠፉም። ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው በማንኛውም አገር ሊያነሣቸው የሚችል ናቸው። በመጨረሻ አንዲት ፎቶግራፍ አየን። አንዲት አሮጊት በመስኖ ውኃ ቦይ ዳር፣ በሽንኩርት ማሳ መካከል ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ከለል አድርገዋል። የማታው ብርሃን ከጎን መጥቶ ነጠላውን ወርቅ አስመስሎታል።

«እኚህ እናት ማን ናቸው?» አልነው።

«አላውቃቸውም።»

«ለማንሣት ፈቃዳቸውን ጠይቀሃል?»

ዝም አለ።

«ለምን አነሣሃቸው?»

«ብርሃኑ ጥሩ ነበረ» አለን አንገቱን ደፍቶ።

መልሱ የሚያሳፍር አይደለም። ብርሃን አይቶ መቆም የፎቶግራፍ አንሺ መጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ግን መጨረሻ አይደለም። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉትም ይህንኑ ማወቅ ነው እንላለን፤ ልጁ ብርሃን ካየ በኋላ ሰውን ያያል ወይስ አያይም? ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈን ሰጠነውና «ወደ ግራና ተመለስ፤ ሴትዮዋን ፈልግ፤ የመልስ ወረቀቱ እዚያ ነው» አልነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለ። ሴትዮዋን አግኝቷቸዋል። ፎቶግራፉን አሳትሞ ቢሰጣቸው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይህማ የሥራ ልብሴ ነው፤ እኔ እኮ ፊቴን የሸፈንኩት ከፀሐይ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ሆኜ እንዳትወስደኝ ብዬ ነው» አሉት። ከዚያም ቤት ገብተው የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አቁመው «አሁን አንሣኝ» አሉት። ሁለተኛውን አነሣ። እሱ እንደሚለው ሁለተኛው ፎቶግራፍ እንደ ፊተኛው አያምርም፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ብርሃኑም የቀትር ነው። ሴትዮዋ ግን ከግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሁለተኛውን ነው።

«እንግዲህ የትኛውን ልያዝ?» ብሎ ጠየቀን። «ሁለቱንም፤ ጎን ለጎን» አልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። «ለምን አነሣኸው?» የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም ተማሪ የሚቀርብ ቢሆንም ለወሎ ልጅ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ወሎ ካሜራ ያላየው አገር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ይሁን እንጂ የታየው በእንግዳ ዓይንና በክፉ ቀን ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር። ከአምባው የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር በሆነችው ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀርቦ ተነሣ፤ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ያን ፎቶግራፍ ያየ ሰው የልጁን ዓይን አይረሳውም። ዳሩ ግን ልጁ «እንዲህ ሆኜ ልነሣ» ብሎ የመረጠው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረኀብ የሚያሳይ ፊልም ለዓለም አቀረበ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ በናይሮቢ የተወለደው ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ከማይክል በርክ ጋር ሆኖ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያነሣው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በለንደንና በፊላዴልፊያ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የተደረገው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅትም ይህ ፊልም የቀሰቀሰው ርኅራኄ ፍሬ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ አልተነሣንም። የተሸሸገ ረኀብ ከሚገድል የታየ ረኀብ ይሻላል፤ በዚያ ፊልም ምክንያት የመጣ እህል ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ከዚያ የተረፈ አንድ እዳ አለ፤ ብዙ የሩቅ አገር ሰው «ወሎ» ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየው ያ ሥዕል ብቻ ነው። የሽንኩርት ማሳውን፣ የማሽላውን እሸት፣ የሲሪንቃን የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ በመርሳ ገበያ ብርቱካን የምትሸጠውን ሴት አያውቅም። ይህን ሊያሳይ የሚችል ማን ነው? እዚያው የተወለደ ልጅ ነው። ጠያቂዎቹ «ከብዙ አመልካች መካከል አንተን ለምን እንምረጥ?» ብለው ሲጠይቁት «ጎበዝ ስለሆንሁ» ከሚል ይልቅ ይህን ቢናገር እውነትም ክብርም ይሆንለታል።

ይህን ስንል ደግሞ «ክፉውን ደብቅ፣ ያማረውን ብቻ አሳይ» ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት በዚያ አገር አልፏል፤ ከቤቱ ተፈናቅሎ በዚያው በሐብሩ በመጠለያ የኖረ ወገንም ብዙ ነው። ይህም የአገሩ ታሪክ ነው። ነገር ግን በችግር ላይ ያለ ሰው «አታንሣኝ» ለማለት ጉልበት እንደሌለው አስታውሱ። እንቢ ለማለት የማይችልን ሰው ከማንሣት በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ የአገር ልጅ ግዴታ ነው።

ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስተኛ ነገር እንደሚናገሩም መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህም ከታሪካችን የበለጠ ምስክር የለም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ያ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ረኀቡ ብቻ ቢታይ «እንርዳ» ያሰኛል፤ ከድግሱ ጋር ሲታይ ግን «ማን ነው ጥፋተኛው?» አሰኘ። እንግዲህ ፖርትፎሊዮ ማደራጀት ማለት ይኸው ነው። አሥራ አምስት ፎቶግራፍ መርጦ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ወጣቱ ስድሳውን ሁሉ ለመላክ ሲሳሳ «ልጅህን ሁሉ ለአንድ ሠርግ አትድርም» ብለን ቀለድንበት። ንቧ፣ ተራራውና የፀሐይ መጥለቂያው ቀሩ፤ የውኃው ቦይ፣ ገበያው፣ ሴትዮዋና የልጅ ልጃቸው ሄዱ።

ስለ ሙያውም ዕውቀት መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ረገድ የመጽሐፍ ትርጉም ከማነብነብ ከራስ ልምድ መናገር ይበልጣል። ለምሳሌ የነጠላን ነገር እንውሰድ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። ነጭ ነጠላ ሥዕሉን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የጠይሙ ፊትም ይጠቁራል። መድኃኒቱ መለኪያው ከሚለው አንድ ደረጃ ያህል ብርሃን መጨመር፣ ወይም ፊትን ለይቶ መለካት፣ ወይም ሰውየውን ከዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ለቀለም ማስተካከያ ያሠራጨው ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ በላዩ ላይ የነበረችውም ነጭ ሴት ናት። የፊልሙ ቀለም በማን መልክ ይስተካከል እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል። የግራና ልጅ በቀትር ፀሐይ ነጠላ የለበሰች እናትን አንሥቶ ስንት ጊዜ እንዳበላሸና እንዴት እንዳረመው ቢናገር፣ ካሜራውን በሚገባ ማወቁን ከዚያ በላይ የሚያስረዳለት የለም።

«የማንን ሥራ ታደንቃለህ?» ተብሎም ይጠየቃል። ብዙ ስም ከመደርደር አንዱን አጥብቆ ማወቅ ይሻላል። የራሳችንንም ሰዎች መዘንጋት አይገባም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ አሉ። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምሮ ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ለጤናው ባለመስማማቱ ወደ ካሜራ የዞረ ነው። አይዳ ሙሉነህ በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ መሠረተች። ሙሉጌታ አየነ ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዘመዶቿን ያጣች ሴት ስታለቅስ ያነሣው ፎቶግራፍ በአውሮፓውያን 2020 ለዓለም የፕሬስ ፎቶግራፍ የዓመቱ ሽልማት ከታጩት ስድስት መካከል አንዱ ነበር። ከነዚህ የአንዱን ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት፣ የወደደውን መናገር፣ ያልወደደውንም በትሕትና መናገር ነው። ሁሉን «ድንቅ ነው» የሚል ሰው ያየ አይመስልም።

ትንሽ መስለው ታላቅ ጉዳት የሚያደርሱም ነገሮች አሉ። ከሁሉ የሚብሰው የሰዓት ነገር ነው። ከለንደን የመጣ ደብዳቤ «ከጧቱ 10፡00» ቢል በእኛ 10 ሰዓት ማለት አይደለም፤ በክረምታቸው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በበጋቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል። በዚህ የተሳሳተ ሰው ጠያቂዎቹ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ፀጉሩን አበጥሮ ይቀመጣል። ቀኑንም ከእኛ አቆጣጠር ጋር አስተያይቶ መጻፍ ነው። መብራትና ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ሰው ከአንድ ቀን በፊት የተሻለ ወደሚገኝበት ከተማ ሄዶ ቢያድር፣ ሁለተኛ ስልክ ቢያዘጋጅ፣ ፎቶግራፎቹንም አስቀድሞ ቢልክ ይጠቀማል። እንግሊዝኛውን በተመለከተ ትልልቅ ቃል መፈለግ አያስፈልግም፤ አጭር ዓረፍተ ነገር የተመለሰ መልስ ነው። ጥያቄው ካልገባ «ይድገሙልኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ያልተጠየቁትን መመለስ ግን ነውር ነው።

ስለ ገንዘቡም እውነቱን መናገር አለብን። የውጭ አገር ትምህርት ክፍያው ብርቱ ነው፤ ተቀባይነት ማግኘትና የመማሪያ ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የእርዳታውን ነገር አብሮ መጠየቅ እንጂ «ከገባሁ በኋላ እግዜር ያውቃል» ማለት አይበቃም። ይህ በር ቢዘጋም ሌላ በር አለ። ከላይ ካነሣናቸው መካከል ሚካኤል የተማረው ሥዕል፣ አይዳ የተማረችው የመገናኛና የፊልም ትምህርት መሆኑን ልብ በሉ። ዲግሪው መንገድ ነው እንጂ ሙያው ራሱ አይደለም።

ለወጣት ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የመንግሥት ካሜራ አለ፤ ከስብሰባና ከሪባን በስተቀር ብዙ ጊዜ ከመሳቢያ አይወጣም። ያን ካሜራ የምትይዙ እናንተ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ውኃ የሚያጠጣውን ገበሬ፣ እናቷን እየረዳች የምታጠናውን ተማሪ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ስማቸውንና ቀኑን ጽፋችሁ አንሡ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ «ግራና ምን ትመስል ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ከእናንተ መሳቢያ የሚወጣው ነው። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቃችሁ «ነገ ተመለስ» አትበሉት። እናትና አባትም «ልጄ ፎቶ አንሺ ሊሆን ነው» ብላችሁ አትዘኑ፤ የጎረቤት ሰርግ ስታስቡ ማንን እንደምትጠሩ ታውቃላችሁ።

ወጣቱ በተቀጠረበት ቀን ወልድያ ገብቶ ተጠየቀ። እንደነገረን ከሆነ ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ያጠፉት በሁለቱ ፎቶግራፎች ላይ ነው። «ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» ብለውታል። እሱም «እኔ የምወደው ፊተኛውን ነው፤ እሳቸው የሚወዱት ሁለተኛውን ነው፤ ለመማር የምፈልገው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማንሣት ነው» ብሎ መለሰ። ይህን መልስ እኛ አላስተማርነውም፤ ከየትኛውም መጽሐፍ አልቀዳውም። ውጤቱ ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ አልደረሰውም። ቢያልፍ ደስ ይለናል፤ ባያልፍ ግን ሦስቱ ሳምንታት የከሰሩ አይመስለንም። ግራና ውስጥ አንዲት እናት በገዛ ምርጫቸው የተነሡት ፎቶግራፍ ከግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።